ያልተነካካውን ፎቶ አሳዩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ክቡር አዘጋጅ፣

ወጣቶች ስለ መልካቸውና ስለ ተክለ ሰውነታቸው የሚያድርባቸውን ጭንቀት አስመልክቶ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ችግሩን ሳያድበሰብሱ ማንሳታቸው ያስመሰግናቸዋል። በመፍትሔነት የደረሱበት ግን «ወጣቶች በራሳቸው ይተማመኑ፣ ያዩትንም ሁሉ አይመኑ» የሚል ምክር ብቻ በመሆኑ አልተዋጠልኝም። እኔ ለአሥራ ስድስት ዓመታት የማስታወቂያ ፎቶዎችን ኤዲት በማድረግ ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ምክሩ በሙሉ ለተመልካች ተሰጥቶ፣ ፎቶውን የሚያነሳው፣ የሚነካካው፣ የሚያትመውና ገንዘቡን የሚከፍለው ወገን ስሙ እንኳ አለመነሳቱ እኔንና መሰሎቼን ያለ ጥያቄ በነጻ ያሰናበተን ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሳሁ። ጽሑፉን ስላጀበው ፎቶም የምለው አለኝ፤ እሱን ግን ለኋላ አቆየዋለሁ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከሥራው ልጀምር። አንድ የፊት ፎቶ እጄ ሲገባ መጀመሪያ ብጉርና ጠባሳው ይጠፋል፤ ቀጥሎ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ከዓይን ሥር ያለው ጥላ ይነሳል፣ የዓይኑ ነጭና ጥርሱ ይበልጥ ይነጣሉ። ሙሉ ቁመና የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ አንገት በጥቂቱ ይረዝማል፣ የክንድ ሥጋ ይቀንሳል፣ ወገብ ከግራና ከቀኝ ወደ ውስጥ ይገፋል። እያንዳንዷ እርምጃ ለብቻዋ ስትታይ ከቁብ የምትቆጠር አይደለችም፤ ተደማምረው ግን በዓለም ላይ የሌለ ሰው ይወልዳሉ። ይህ ሁሉ ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ እንዳይመስልብኝ፤ ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ ከመዋሉ ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በፊትም ባለሙያዎች በብሩሽና በቀለም የፊልሙን ኔጌቲቭ ይነካኩ ነበር። ልዩነቱ፣ ያኔ ጥቂት እጆች በጥቂት ፎቶዎች ላይ ለቀናት የሚደክሙበት ነገር ዛሬ በማንኛውም ስልክ ላይ፣ በቪዲዮ ላይ ጭምር፣ በቅጽበት መሠራቱ ነው።

አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠቅሰው ደንበኛ ለቅባት ማስታወቂያ የተነሳችን የአንዲት ጠይም ወጣት ፎቶ ሦስት ጊዜ መለሰልኝ። «ይንጣ» አላለኝም፤ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አይወጣም። ያለው «ትንሽ ፈካ ትበል» ነበር። በመጀመሪያው ፈካ አደረግኋት፤ በሁለተኛውም ጨመርኩ፤ በሦስተኛው ዋናውንና የተነካካውን ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው የአንድ እናት ልጆች እንጂ አንድ ሰው አይመስሉም ነበር። ላክሁለት፤ ክፍያዬንም ተቀበልኩ። ይህን የምጽፈው ለንስሐ አይደለም፤ «መፍካት» የምትለው የዋህ ቃል በሥራ ቦታ ምን ያህል ከባድ ጭነት እንደምትሸከም አንባቢ እንዲያውቀው ነው።

እንደሚታየኝ የማስታወቂያው ጥፋት ቆንጆ ሰው ማሳየቱ አይደለም። ቆንጆ ሰው ማየት የማይወድ ማን ነው? ጥፋቱ መድኃኒቱን ከመሸጡ በፊት ሕመሙን መሸጡ ነው። ጂሌት የተባለው ምላጭ አምራች እ.ኤ.አ. በ1915 ለሴቶች የተዘጋጀ የመጀመሪያውን መላጫውን ሲያወጣ፣ የሴት ብብት ፀጉር የሚያሳፍር ነገር መሆኑን ቀድሞ ማሳመን ነበረበት፤ የዚያ ዘመን ማስታወቂያዎች ፀጉሩን ዕዳ አስመስለው ነበር የሚያቀርቡት። ሊስተሪን እ.ኤ.አ. በ1879 ለቀዶ ሕክምና ንጽሕና የተሠራ ፈሳሽ ሆኖ ሳለ፣ በ1920ዎቹ የአፍ ጠረንን «ሃሊቶሲስ» በሚል የሕክምና ስም ጠርተው፣ በእሱም የተነሳ ሳያገቡ የቀሩ ሴቶችን ታሪክ እየተረኩ አፍ መጉመጥመጫ አድርገው ቸበቸቡት። ሰዎች ከዚያ በፊት ብብትም አፍም ነበራቸው፤ ያልነበራቸው ኀፍረቱ ነበር። ዛሬ በቆዳ መሸብሸብ፣ በጭን ስፋት፣ በአፍንጫ ቅርጽና በከንፈር መሳሳት ላይ የሚሠራው ያው አሠራር ነው፤ የተለወጠው ወደ ሰው የሚደርስበት ፍጥነት ብቻ ነው።

«የውበት መለኪያ በየዘመኑና በየሕዝቡ የነበረ ነው፤ ሚዲያው ምን አደረገ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ምላሽ ለመስጠት ከሁሉ የሚሻለው የፊጂ ደሴቶች ታሪክ ይመስለኛል። ናድሮጋ በተባለው የፊጂ ግዛት ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እስከዚያ ድረስ በአካባቢው የሚወደደው ደንዳና፣ ሞላ ያለ ሰውነት ነበር፤ ሰው ድንገት ከከሳ ወገኖቹ ሳይንከባከቡት የቀሩ ይመስል ስለነበር ክሳት ለቤተሰብም ለጎረቤትም ነቀፌታ ነበር። የሐርቫርዷ የሥነ አእምሮ ሐኪምና የሥነ ሰብ ተመራማሪ አን ቤከር ቴሌቪዥኑ በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኙ 63 ተማሪ ልጃገረዶችን ጠየቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ተመልሰው ሌሎች 65 ልጃገረዶችን በተመሳሳይ መጠይቅ ጠየቁ። ለአመጋገብ መታወክ ሥጋት የሚያጋልጥ ውጤት ያመጡት ከ12.7 በመቶ ወደ 29.2 በመቶ ከፍ ብለው ነበር። ክብደት ለመቀነስ የበሉትን ሆን ብለው እንደሚያስመልሱ የተናገሩት በመጀመሪያው ዙር አንድም አልነበሩም፤ በሁለተኛው 11.3 በመቶ ሆነው ተገኙ። የተጠየቁት ልጆች ቁጥር ትንሽ መሆኑን፣ በእነዚያ ዓመታትም ከቴሌቪዥን ሌላ የተለወጡ ነገሮች መኖራቸውን አልክድም። ይሁን እንጂ ልጃገረዶቹ ራሳቸው በቃለ ምልልስ በቴሌቪዥን የሚያዩዋቸውን ሴቶች መምሰል እንደሚፈልጉ በግልጽ ተናግረዋል። በትውልዶች የተገነባ የውበት መለኪያ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ከተናጋ፣ «የነበረ ነው» የሚለው መልስ ብዙ ርቀት አያስኬድም።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለማስረዳት ሊዮን ፌስቲንገር የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 ያቀረቡት ሐሳብ እስካሁን ይጠቅማል። ሰው ስለ ራሱ የሚለካበት ተጨባጭ ሚዛን ሲያጣ ራሱን ከሌሎች ጋር እያስተያየ ይመዝናል። ቀድሞ የምንስተያየው ከምናውቃቸው ሰዎች ጋር ነበር፤ እነርሱን ደግሞ ሲያስነጥሱም፣ ከእንቅልፍ ሲነሱም፣ ሲያረጁም እናያቸዋለን። አሁን የምንስተያየው ከሚሊዮኖች መካከል ተመርጦ፣ ከመቶ ፎቶዎቹም አንዱ ተለይቶ፣ እሱም በእኔ ቢጤ ሰው እጅ አልፎ ከሚቀርብ ምስል ጋር ነው። በዚህ ውድድር የሚያሸንፍ ሰው የለም፤ የፎቶው ባለቤት ራሷም አታሸንፍም።

ጸሐፊው የሰጡት «ያዩትን አይመኑ» የሚል ምክር የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። ማስተያየት ከማሰብ ይቀድማል፤ ዓይን አይቶ ልብ ካዘነ በኋላ ነው አእምሮ «ይህ እኮ የተነካካ ነው» የሚለው። በራሴ ላይ ደርሶብኛል፤ በገዛ እጄ ያቀጠንኩትን ወገብ ከወራት በኋላ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ተሰቅሎ ሳየው፣ ሥራው የእኔ መሆኑን እያወቅሁ የራሴን ሆድ ወደ ውስጥ ስስብ ራሴን አገኘሁት። አንዳንድ መንግሥታት በዚሁ «ማሳወቅ» መንገድ ብዙ ርቀት ሄደዋል። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ሕግ ሰውነትን ለማቅጠን የተነካኩ የማስታወቂያ ፎቶዎች ይህንኑ የሚገልጽ ማሳሰቢያ እንዲይዙ አዘዘች። ፈረንሳይ ከጥቅምት 2017 ጀምሮ የሞዴል ቁመና የቀነሰ ወይም የጨመረ የንግድ ፎቶ «የተስተካከለ ፎቶግራፍ» የሚል ጽሑፍ እንዲኖረው፣ የተላለፈም እስከ 37,500 ዩሮ እንዲቀጣ ደነገገች። ኖርዌይም ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በማኅበራዊ ሚዲያ ለክፍያ የሚያስተዋውቁ ሰዎችን ሳይቀር በዚህ ግዴታ ሥር አስገባች። (የእነዚህ አገሮች ዘመን አቈጣጠር መሆኑ ይታወቅልኝ።) ሕጎቹን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ማሪካ ቲግማንን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ባደረጓቸው ሙከራዎች ማሳሰቢያው የተመልካቹን ቅሬታ ብዙም ሲያቀል አልተገኘም። ይህ ለእኔ ቢጤ አያስደንቅም። ማሳሰቢያው ከምስሉ ግርጌ ይቀመጣል፤ ምስሉ ግን ሥራውን ቀድሞ ጨርሷል።

የቆዳ ቀለም ጉዳይ ከሁሉ የከፋው ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ለረጅም ዘመን የፎቶ ፊልም ራሱ የተቃኘው ለነጭ ቆዳ ነበር፤ ፎቶ ቤቶች ቀለሙን የሚመዝኑበት የኮዳክ መለኪያ ካርድ ላይ የነበረችው ሴት ነጭ ስለነበረች፣ ጥቁር ሰው በዚያ ፊልም ሲነሳ ዓይንና ጥርሱ ብቻ ቀርቶ ፊቱ በጨለማ ይዋጥ ነበር። ኩባንያው ፊልሙን ለጠቆሩ ቀለሞች ሲያሻሽል ከገፋፉት መካከል ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች መኖራቸው ሲታወስ ያስቃልም ያናድዳልም፤ የቸኮሌት መልክ መበላሸቱ ከሰው ፊት መጥፋት ይልቅ ተሰሚ ነበረ ማለት ነው። በሌላ በኩል «ፌር ኤንድ ላቭሊ»ን የመሰሉ ቅባቶች ቅላት ሥራና ትዳር ያመጣል እያሉ ለዓሥርት ዓመታት አስተዋወቁ። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ሲሸጥ የኖረ ቅባት በ2020 ስሙን ወደ «ግሎው ኤንድ ላቭሊ» ቀየረ። የስሙ መቀየር አንድ ነገር ነው፤ ቅባቱን የሚያመርተው ዩኒሊቨር የተባለ ኩባንያ ግን በሌላኛው እጁ በ2004 በጀመረው የ«ዶቭ» ዘመቻ ሴቶች እንደ ተፈጠሩ ቆንጆዎች መሆናቸውን ይሰብክ ነበር። በሁለቱም በኩል ያተርፍ እንደነበር አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በሰውነት ላይ የሚደርሰው ጉዳትም የስሜት ብቻ አይደለም። ከቆዳ ማንጫ ቅባቶች በአንዳንዶቹ የሚገኘው ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ በቁጥጥር ሳይሆን በዘፈቀደ ለረጅም ጊዜ የሚቀባ ሃይድሮኪኖን የተባለ ቆዳ የሚያነጣ ኬሚካል ደግሞ ቆዳን መልሶ ሊያጠቁርና ሊያበላሽ ይችላል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 በእነዚህ ቅባቶች ውስጥ ሃይድሮኪኖንን ከማገድ አልፋ «ያነጣል» የሚለውን የማስታወቂያ ቃል ራሱን ከለከለች። ይህ ክልከላ ከማሳሰቢያ የተለየ ነገር መሆኑን ልብ በሉ፤ ተመልካችን አያስጠነቅቅም፣ ሻጩን ነው የሚይዘው።

በቋንቋችን «ደም ግባት» የሚባል ቃል አለን። ቁመትን አይለካም፣ ክብደትን አይቆጥርም፣ የአፍንጫን ቅርጽ አይጠይቅም፤ በሕያው ሰው ፊት ላይ የሚመላለስ፣ ሲስቅ የሚጨምር፣ ሲታመም የሚቀንስ ነገር ነው። «ወዘና» የምንለውም እንዲሁ። ፎቶ ስነካካ መጀመሪያ የሚጠፋብኝ ይኸው ነው፤ ቆዳው በለሰለሰ ቁጥር ፊቱ ፕላስቲክ እየሆነ ይሄዳልና። በሙያው ብዙ ከቆየሁ በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ የሸጥነው ውበት እኛ ራሳችን በቃላችን ውበት የምንለውን ነገር እየገደለ የተሠራ መሆኑ ነው።

ስለ ወንዶች ዝም ማለት ስለማይገባ በአጭሩ ላንሳ። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የተሸጠውን «ጂ.አይ. ጆ» የተባለ የአሻንጉሊት ወታደር የለኩ ተመራማሪዎች ጡንቻው ከዓመት ዓመት እየገዘፈ ሄዶ፣ በ1990ዎቹ የወጣው ዓይነት ወደ ሰው ቁመት ቢመነዘር ክንዱ ከታወቁ ሰውነት ገንቢዎች ክንድ የሚበልጥ መሆኑን በ1999 አሳትመዋል። ጂም እየዋለ ራሱን በመስታወት ኮስማና አድርጎ የሚያይ ወጣት ከዚህ ዓለም ነው የወጣው።

ስልክን በተመለከተ ብዙዎች የማያውቁት አንድ የሌንስ ጉዳይ አለ። ሰው ክንዱን ዘርግቶ ራሱን ሲያነሳ ካሜራው ከፊቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይሆናል፤ በዚህ ርቀት አፍንጫ ከ1.5 ሜትር ርቀት ከሚነሳው ፎቶ ጋር ሲነጻጸር 30 በመቶ ገደማ ሰፍቶ እንደሚታይ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ስሌት አሳይቷል። ስለዚህ በስልኩ የሚያፍርበትን አፍንጫ ይዞ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው በመሠረቱ የሌንስን ጥፋት ሊያስቆርጥ ነው። የኩባንያዎቹ ጥፋት ግን ከሌንስ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከፌስቡክ ሾልከው የወጡ የውስጥ ሰነዶች እንደሚያሳዩት፣ ስለ ሰውነታቸው ቀድሞውንም መጥፎ ስሜት ከሚሰማቸው ልጃገረዶች 32 በመቶዎቹ ኢንስታግራም እንደሚያባብስባቸው ለኩባንያው ለራሱ አጥኚዎች ተናግረው ነበር። አሁን ደግሞ ሞዴሏ ጭራሽ አታስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካው ቮግ መጽሔት ላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረች ሴት ልብስ ለብሳ ማስታወቂያ ወጥታለች። ለእርሷ ያልተነካካ ፎቶ ቢጠየቅ የሚቀርብ ነገር የለም።

የደብዳቤዬ ዋና ጥያቄ የሚመነጨው ከዚህ ነው። የብሪታንያ የማስታወቂያ ቁጥጥር አካል እ.ኤ.አ. በ2011 ታዋቂ ሴቶች የታዩባቸውን ሁለት የፋውንዴሽን (ፊት ማስዋቢያ ቅባት) ማስታወቂያዎች አግዷል። ያገደበት ምክንያት ትምህርት ሰጪ ነው፤ ከመካከላቸው በአንደኛው አስተዋዋቂው ዋናውን ፎቶ እንዲያሳይ ሲጠየቅ ከተዋናይዋ ጋር ያለኝ ውል አይፈቅድልኝም በማለቱ፣ ቅባቱ አመጣ የተባለው ውጤት የቅባቱ ይሁን የኮምፒዩተሩ ማረጋገጥ አልተቻለም። «ዋናው የት አለ?» የሚለው ጥያቄ ከብዙ ሰበካ የበለጠ ሠርቷል ማለት ነው። ተመልካችን አይመክርም፤ የማስረዳት ሸክሙን ወደ ሠሪው ይመልሳል።

ጋዜጣ በማስታወቂያ ገቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ በየጊዜው ማስታወቂያ እየመለሰ እንዲከስር አልጠይቅም። የምጠይቀው፣ ውበትና ጤና የሚመለከት ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ ያልተነካካው ፎቶ በዝግጅት ክፍሉ እንዲታይ ውላችሁ ውስጥ እንድታስገቡ፣ የቆዳን መጥቆር ጉድለት አድርጎ የሚያቀርብን ጽሑፍ እንዳትቀበሉ፣ በሚከፈልበት ማስታወቂያና በውበት አምዳችሁ ምክር መካከል ያለው ድንበርም በጉልህ እንዲታይ ነው። እኔ በበኩሌ ከሦስት ዓመት ወዲህ አንድ ደንብ ይዣለሁ፤ ነገ የሚድን ብጉር አጠፋለሁ፣ ከሌንስ ላይ ያረፈን አቧራ አነሳለሁ፣ ነገም ከሰውየው ጋር የሚኖረውን ማድያት፣ ጠባሳ፣ ወገብና ቀለም ግን አልነካም። በዚህ የተነሳ ደንበኞች ሸሽተውኛል፤ ያልጠበቅኋቸው ጥቂቶችም መጥተዋል።

አሁን ወደ ፎቶው ልመለስ። ወጣቶች ያዩትን እንዳያምኑ የሚመክረውን ጽሑፍ ያጀበው፣ በር ተደግፋ የቆመች ወጣትን የሚያሳየው ምስል ነው። የፊቷ ቆዳ አንድም ቀዳዳ የለውም፤ ይህንን ለመብራቱ ልንተውለት እንችላለን። ከወገቧ አጠገብ ያለው የበሩ መቃን ግን ልክ ወገቧ ጋ ሲደርስ ወደ ውስጥ ጎበጥ ብሏል፤ ከዚያም ዳሌዋን አልፎ እንደገና ይቀናል። አናጺ መቃን እንዲህ አይሠራም፤ እንዲህ የሚሠራው እንደ እኔ ያለ ሰው ነው። ፎቶውን ያነሳው ባልደረባችሁ ወይም ያቀረበላችሁ ድርጅት ዋናውን ካስቀመጠው፣ ወጣቷም ከፈቀደች፣ በሚቀጥለው እትማችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን አውጧቸው። ዋናው ከሌላችሁም እንደሌላችሁ ለአንባቢ ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፎቶ ኤዲተር